ጭላሎን የሚያህል ወረቀት

ጭላሎን ከአሰላ ከተማ ሆኖ በስልክ ያነሳ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነገር አለ። ዓይኑ ፊት ግዙፍ የነበረው ተራራ ፎቶው ላይ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። የጭላሎ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትርን ጥቂት ያልፋል፤ አሰላ ወደ 2,430 ሜትር ላይ ናት፤ በሁለቱ መካከል በቀጥታ መስመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሲሰላ፣ ከተማው ውስጥ ለቆመ ሰው ተራራው ከአድማስ መስመር በላይ የሚነሳው 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የተለመደው የስልክ ሌንስ ከላይ እስከ ታች 50 ዲግሪ ገደማ ያያል። ስለዚህ ጭላሎ ከፎቶው ቁመት አንድ ስምንተኛውን እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን ሰማይና አስፋልት ይወስዱታል።

ዙም ሲደረግ ተራራው ያድጋል፤ ያኔ ደግሞ ትከሻው ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል። የአርሲ ደጋ ግርማ ያለው በስፋቱ ነው። ከጭላሎ ወደ ጋላማ ሰንሰለት፣ ከዚያ ወደ ካካ የሚሄደው የተራራ መስመር፣ ከሥሩ የተዘረጋው የስንዴና የገብስ ማሳ፣ በምዕራብ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርደው ተዳፋት፣ ሁሉም ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጉዞ የሚጨርሳቸው ናቸው። ተራራው እንዳያንስ ጠበብ ባለ ሌንስ፣ ስፋቱ እንዳይጠፋ ደግሞ በብዙ ፎቶ ማንሳትና መገጣጠም፣ ማለትም ፓኖራማ መሥራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በዚህ ሥራ ማንሳቱ ዛሬ ብዙም አያስቸግርም። ካሜራውም፣ ማገጣጠሚያ ፕሮግራሙም፣ ትምህርቱም በእጅ አለ። ችግሩ ያለው ማተሙ ላይ ነው። የማተሙ ጥያቄ ደግሞ ከማሽን በፊት ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ ይህን ፎቶ ማን፣ ከምን ያህል ርቀት፣ ምን ፈልጎ ያየዋል? እኔ እስከማየው ድረስ የአርሲን መልክዓ ምድር በትልቁ ያተሙ ሰዎች ይህን ሳይጠይቁ ስለሚያትሙ ነው ሥራው ሆቴል ግድግዳ ላይ የደበዘዘ ባነር ሆኖ የሚቀረው።

ሰፊ ፎቶ አዲስ ነገር አይደለም። ፍሪድሪኽ ፎን ማርተንስ የተባለ ሰው ሌንሱ የሚዞር ካሜራ ፓሪስ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1844 ነበር፤ ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ ገና አምስት ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ ሳን ፍራንሲስኮን በ13 የመስታወት ሰሌዳ ዙሪያዋን አንስቶ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም ምስል አሳተመ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው ሰርኩት ካሜራ ደግሞ በሰዓት ሞተር ራሱ እየዞረ ፊልሙን ከዙረቱ እኩል ይስበው ነበር። የዛሬው ስልክ ፓኖራማ ሲያነሳ የሚያደርገው ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ እየዞረ ቀጫጭን ቁራጮችን ይደረድራል። በፊልም ዘመን መጨረሻ የነበሩት ባለ 6 በ17 ሴንቲ ሜትር ካሜራዎች ከአንድ ጥቅል 120 ፊልም አራት ፎቶ ብቻ ይሰጡ ስለነበር አንሺው ከመጫኑ በፊት ብዙ ያስብ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የፎቶግራፍ ታሪካችን በአመዛኙ የፊት ታሪክ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው፣ ከዚያም በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች፣ ሰውን አስቀምጠው ነበር የሚያነሱት። መሬቱን በስፋት ያነሱት አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ናቸው፤ ያነሱትም ለራሳቸው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የናፒየር ጦር ጋር የመጡት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው ነበር፤ የመንገዱን አምባና ሸለቆ አንስተዋል። ስዊዘርላንዳዊው አብራሪ ዋልተር ሚተልሆልሰር እ.ኤ.አ. በ1934 ለንጉሠ ነገሥቱ የተገዛውን አውሮፕላን ይዞ ሲመጣ ከአየር ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ ዙሪክ በሚገኘው የኢቴሃ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የጣሊያኖቹ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ድረስ ካርታ ለማውጣት ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎች አዲስ አበባ በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው ቆይተው በኋላ የተመራማሪዎች ዓይን ውስጥ ገቡ። የተለጠፉት በ8,281 ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ 50 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶ አለ፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች የተነሳ፣ ሁለቱ ከጎንና ከጎን ዘንበል ያሉ፣ አራተኛው ይበልጥ ዘንበል ብሎ ሩቁን የሚያሳይ። አራቱም በአንድ ቅጽበት፣ ከበረራው መስመር አግድም የተነሱ ናቸው። በአጭሩ፣ ያ ሰሌዳ ፓኖራማ ነው። ያነሳው ወራሪ ጦር ነው፤ ዓላማውም ግልጽ ነው። ሆኖም ዛሬ የገደልና የደን ለውጥ የሚያጠኑ ሰዎች በእሱ ይሠራሉ። በጥንቃቄ የተነሳና በጠንካራ ነገር ላይ የተለጠፈ ሰፊ ፎቶ ካነሳው ሰው ዓላማ ተሻግሮ ይኖራል ማለት ነው።

በቅርብ ዘመን መልክዓ ምድርን እንደ ራሱን የቻለ የጥበብ ጉዳይ የያዙ ኢትዮጵያውያን ተነስተዋል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሠዓሊነት ተመርቆ የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ፀጋዬ አንዱ ነው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ደግሞ የታተመ ፎቶ በግድግዳ ላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ብዙ ወጣት አሳይቷል። ይህ ሁሉ ግን አዲስ አበባ ላይ ነው። አሰላ ገና ተራዋን ትጠብቃለች።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። የት መቆም እንዳለብን የሚወስነው ፀሐይ ነው። ጭላሎ ከአሰላ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ትወጣለች፤ ከተማው በኩል ያለው ገጹ ጥላ ይሆናል። ተራራውን ከከተማው ማንሳት የሚፈልግ ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ ከ10 ሰዓት ወዲያ፣ ይጠብቅ። ያኔ ብርሃኑ ከምዕራብ ገብቶ የሸለቆዎቹን እጥፋት አንድ በአንድ ይለያል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅና ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚያይ ፎቶ ደግሞ የጠዋት ነው። ጭላሎ ጫፍ ላይ ለወጣ ሰው ዝዋይ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ አየሩ ከጠራ ወደ ደቡብ ምዕራብ ላንጋኖንና ሻላን መለየት ይቻላል። አየሩ የሚጠራው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ከታኅሣሥ በኋላ ሸለቆውን አቧራና የቃጠሎ ጢስ ይሸፍነዋል፤ ዓይን ችሎ ቢያልፈውም ወረቀት አያልፈውም። ስልክ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ የመሰለው፣ ሲታተም ግራጫ ንጣፍ ይሆናል።

የእኔ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፤ ደመናው ገና አልጠፋም፤ አደይ አበባው በየድንበሩ ነው፤ ወደ በቆጂ ሲወጣ የተልባ ማሳ ሰማያዊ አበባ አውጥቶ ይገኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌላ ውበት አላቸው። ስንዴው ይነጣል፤ ኮምባይነሩ ማሳው ውስጥ ገብቶ መስመር ያወጣል፤ የአጨዳው አቅጣጫ ራሱ ለፎቶው ሥርዓት ይሰጠዋል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። አሰላ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ቀጥ ብላም ትገባለች። የአውሮፓ መጽሐፍ የሚያወራለት ረጅም ወርቃማ ብርሃን እዚህ አጭር ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ያኔ ዛፉ ጥላውን እግሩ ሥር ይሰበስባል፤ ተራራውም ጠፍጣፋ ይመስላል።

ቦታ መምረጥ ላይ ብዙ ሰው ከፍ ያለውን ይመርጣል። እኔ ግን ከጫፍ ይልቅ ወገብን እመክራለሁ። ከጫፍ ላይ ሁሉም ዝቅ ስለሚል ነገሮች ከፍታቸውን ያጣሉ። ከሳጉሬ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ጉብታዎች ላይ ግን ከፊት ማሳና ጎጆ፣ ከመካከል ባሕር ዛፍ፣ ከኋላ ተራራ በየደረጃቸው ይሰለፋሉ። ከላይኛው ደጋ መነሳት ያለበት ደግሞ አስታውና ጅባራው ያለበት ቦታ ነው። የደጋ አጋዘን ለዓለም ሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 ከዝዋይ በስተደቡብ ምሥራቅ ካሉት ከእነዚሁ ተራሮች በተገኘ ናሙና መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ያንን ግራጫማ የአስታ ቁጥቋጦ በሌላ ዓይን ያየዋል። ድሮን የሚያስብ ካለ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱንም ከጉዞው በፊት መጨረስ አለበት። የመሬት ላይ ፎቶ ግን የሰውን ዓይን ከፍታ ስለሚይዝ፣ ለምናወራለት ዓላማ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አነሳሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ካሜራውን ወደ ቁም ማዞር፣ ትራይፖዱን በውኃ ልክ ማስተካከል፣ ብርሃንን፣ ፎከስንና ዋይት ባላንስን በእጅ ሞልቶ መቆለፍ፣ በራው ፋይል ማንሳት፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ሲሶ ያህል እንዲደራረብ ማድረግ በቂ ነው። በአውቶ የተነሳ ፓኖራማ ፀሐይ ያለችበት ጎን ይጨልማል፤ ሌላው ጎን ይነጣል፤ ሰማዩም በየፎቶው መገጣጠሚያ ላይ ቀለም ይለዋውጣል። ሰማይ ለማጥቆር የሚገጠመው ፖላራይዘር ከሰፊ ፎቶ መውጣት አለበት፤ ከፀሐይ ባለው ማዕዘን ልክ ስለሚሠራ ከሰማዩ አንዱን ክፍል ብቻ ያጠቁርና ትልቅ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል።

ቅርብ ያለ ነገር ሲኖር ካሜራው የሚዞርበት ነጥብ ወሳኝ ይሆናል። ካሜራው በሰውነቱ መካከል ከዞረ፣ ፊት ለፊት ያለው የአጥር እንጨትና ከኋላው ያለው ተራራ በየፎቶው እርስ በርስ ቦታ ይቀያየራሉ፤ አጥሩም ሲገጣጠም ይሰበራል። መዞር ያለበት ብርሃን ወደ ሌንሱ የሚገባበት ነጥብ ላይ ነው። ለዚህ የሚሸጥ ተንሸራታች ብረት አለ፤ ብረት ሠሪ ጋ ሄዶ ማሠራትም ይቻላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ ቅርብ ምሰሶና አንድ ሩቅ ዛፍ በአንድ መስመር አድርጎ ካሜራውን ግራና ቀኝ ማዞር ነው፤ ሁለቱ ካልተላቀቁ ነጥቡ ተገኝቷል። ከ50 ሜትር ወዲህ ምንም ነገር ከሌለ ግን በእጅ ይዞ ማንሳትም ያዋጣል።

የአርሲ የራሱ ችግር ነፋስና የደመና ጥላ ናቸው። ስንዴ ይወዛወዛል፤ ከሁለት ፎቶ የተወሰደ ዛላ ሲደራረብ መንታ ይሆናል። ጥላው ደግሞ ማሳው ላይ ይሮጣል፤ በግራ ፎቶ የነበረ ጥላ በቀኙ ፎቶ ዳግመኛ ይታያል። መፍትሔው ፍጥነትና አቅጣጫ ነው። ደመናው ወደ ቀኝ ከሄደ ከቀኝ ወደ ግራ ማንሳት ነው፤ በዚያ መንገድ አንዱን ጥላ ሁለት ጊዜ መያዝ ይቀራል። ከዚያም ሳይነሱ ሁለትና ሦስት ዙር መድገም፣ የሚሻለውን ቤት ሲደርሱ መምረጥ ነው።

ማገጣጠሙ በነፃ ይቻላል። ሁጊን የተባለው ፕሮግራም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ላይትሩምና ፒቲጉዪ ለሚከፍል ሰው ፈጣን ናቸው። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ከባድ ጥያቄ የእይታውን ክብነት እንዴት እንደሚዘረጋው ነው። ከ100 ዲግሪ በታች ለሆነ እይታ ቀጥተኛው መንገድ መስመሮችን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ጫፎቹን ይለጥጣል። ሲሊንደራዊው ስፋቱን በእኩል ያስቀምጣል፤ ፊት ለፊት የሚያልፍ አስፋልት ግን ቀስት ይሆናል። ለተራራና ለማሳ ሲሊንደራዊው ጥሩ ነው። መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ አስፋልቱን ከፎቶው ውጪ ለማድረግ ገና ሲነሳ ማሰብ ነው።

ማተሙ ላይ ስንደርስ ቁጥር ያስፈልጋል። ባለ 24 ሜጋ ፒክስል ካሜራ፣ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ወደ ቁም ዞሮ ቢነሳ አንዱ ፎቶ በአግድም 16 ዲግሪ፣ በቁመት 24 ዲግሪ ያህል ይይዛል። በዚህ ሌንስ ጭላሎ ከፎቶው ቁመት ሩቡን ይሞላል። ከከተማው 120 ዲግሪ ያህል ለመሸፈን 11 ፎቶ ይበቃል። ተገጣጥሞና ጠርዙ ተስተካክሎ ወደ 30,000 በ5,500 ፒክስል ይመጣል። በ16 ቢት ሲቀመጥ ፋይሉ 1 ጊጋ ባይት ይደርሳል። በኢንች 240 ፒክስል አድርገን ብናትመው ወርዱ 3 ሜትር ከ17 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 58 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ተራራው ብቻውን 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል። ይህ ልክ 24 ኢንች ማለትም 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥቅል ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ትልቁ ማሽን አያስፈልግም።

ማተሚያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች አንድ የታወቀ ደንብ አላቸው። ትልቅ ምስል ከሩቅ ስለሚታይ ፒክስሉ ቢያንስ ግድ የለም ይላሉ። ደንቡ በመሠረቱ ስህተት የለበትም። ጤነኛ ዓይን ከ1 ሜትር ርቀት በኢንች ከ90 በላይ ነጥብ አይለይም፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ግን ወደ 290 ይለያል። የአስፋልት ማዶ ማስታወቂያ በ72 ፒክስል ቢታተም ማንም ልብ አይለውም። ነገር ግን የአሰላን ሰፊ ፎቶ አሰላ ውስጥ ስቀሉትና ሰው ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ለአፍታ ከሩቅ ያያል። ቀጥሎ ይጠጋል፤ ጣቱን ያነሳል፤ ቤቱን ይፈልጋል። ቤቱን ሲያገኝ የወንድሙን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የአክስቱን ማሳ ያስከትላል። ጎብኚው ስለ ተራራው፣ ተወላጁ ስለ ቤቱ ነው የሚያየው። የተወላጁ ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ነው።

ከላይ በተሰላው ፎቶ ከአንሺው 2 ኪሎ ሜትር የራቀ ባለ 6 ሜትር ወርድ ቤት ወረቀቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ የቆርቆሮው ቀለም፣ ደጁ ላይ ያለው ዛፍ ይታወቃል። ያው ፋይል በ72 ፒክስል ለባነር ከተላከ ቤቱ ወደ 13 ነጥብ ይወርዳል፤ ቤት መሆኑ ብቻ ይቀራል፤ የማን እንደሆነ ይጠፋል። ስለዚህ እዚህ አገር፣ ለዚህ ሕዝብ የሚታተም ፓኖራማ የሩቅ እይታን ደንብ መከተል የለበትም። የጥራት ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያስቡልኝ እወዳለሁ።

ታዲያ በምን ይታተም? በየከተማው በቀላሉ የሚገኘው ባነር ማተሚያ ነው። ፍሌክስ የሚሉት ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ዝናብ ይችላል፤ ወርዱም እስከ 3 ሜትር ይሄዳል። ድክመቱ ላዩ ላይ ያለው የሽመና ምልክት፣ የጥቁሩ ግራጫነትና የአረንጓዴው መጮህ ነው። የአርሲ መልክዓ ምድር ደግሞ ዋና ሀብቱ አረንጓዴው ውስጥ ያለው ልዩነት ነው፤ የገብስ አረንጓዴ የስንዴ አይደለም፣ የባሕር ዛፉ ከሁለቱም ይጠቁራል። ባነር ሁሉንም አንድ ያደርገዋል። ከዚህ ሌላ ምርጫ ለሌለው ግን ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። ፋይሉን ራሱ በ150 ፒክስል አዘጋጅቶ ኦፕሬተሩ እንዳይቀንሰው መጠየቅ አንዱ ነው። ሌላው በፍሌክስ ፈንታ ማሽኑ በሚቀበለው ለስላሳ ስቲከር ላይ አሳትሞ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ማስለጠፍ ነው። ልዩነቱ ከሚጠበቀው በላይ ነው።

ፎቶ ቤቶች ያላቸው የቀለም ላብ ማሽን ሌላ መንገድ ነው። ወረቀቱ እውነተኛ የፎቶ ወረቀት ነው፤ ቀለሙ ለስላሳ ነው፤ ችግሩ ወርዱ ጠባብ መሆኑ ነው። ለዚህ የሚስማማው መልስ ከራሳችን ቤት አለ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ለዘመናት ሥዕላቸውን በሦስት የእንጨት ገበታ ከፍለው ሲያቀርቡ ኖረዋል። ፓኖራማም ለሦስት ወይም ለአምስት ተከፍሎ፣ በመካከል የሁለት ጣት ክፍተት ተትቶ ሲሰቀል ዓይን ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። መቁረጫው መስመር ግን በተራራ ጫፍ ወይም በቤት ላይ ማለፍ የለበትም። የእያንዳንዱ ገበታ ክብደት ይቀንሳል፤ በአውቶቡስ መጫን ይቻላል፤ አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ማተም ነው።

ከሁሉ የሚሻለው በፒግመንት ቀለም፣ በጥጥ ወይም ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት የሚታተመው ነው። ይህን የሚሠሩ ማሽኖች 24፣ 44 እና 64 ኢንች ጥቅል ይቀበላሉ። ዋጋው ከባነር ጋር አይነጻጸርም፤ ዕድሜውም አይነጻጸርም። በውኃ የሚሟሟ ተራ ቀለም በመስኮት ብርሃን ጥቂት ዓመት ውስጥ ሲገረጣ ፒግመንት በቤት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እኔን ቢጠይቁኝ አምስት ባነር ከማሳተም አንድ እንዲህ ያለ ሥራ ማሳተም ይሻላል።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከሙሉው በፊት ናሙና መታተም አለበት። ስክሪን ራሱ ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት የክፍሉን ብርሃን ይመልሳል እንጂ የራሱ የለውም። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያማረ ፎቶ ሲታተም ብዙ ጊዜ ይጨልማል። ከፎቶው እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን ክፍል፣ ለምሳሌ ደመናው፣ የተራራው ጥላና የነጣው ስንዴ የሚገናኙበትን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ማሳተምና ፎቶው በሚሰቀልበት ክፍል ውስጥ ማየት ነው። የማተሚያ ቤቱ መብራት ሥር የሚያምር ቀለም ቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢጫ ሊሆን ይችላል።

መስታወት የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። በዚህ መጠን ግን ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት ብቻውን ከ13 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ የመስኮቱንም ነጸብራቅ ይዞ ይመጣል። አክሪሊክ ከዚያ በግማሽ ይቀላል። ያለ ሽፋን፣ በደብዛዛ ወረቀት፣ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ከግድግዳው በሁለት ጣት የተነሳ ፎቶ ለእኔ ዓይን ከሁሉ ይበልጣል። ከግድግዳው ማንሳቱ ለውበት ብቻ አይደለም፤ በክረምት የሚያልበው ግድግዳ ከጀርባው ወረቀቱን እንዳያሻግተው ነው።

ማስተካከል ላይ ግን አቋሜ ጥብቅ ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ማጥፋት፣ ሰማዩን ከሌላ ፎቶ አምጥቶ መትከል፣ የደረቀውን ማሳ አረንጓዴ ማድረግ ዛሬ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኗል። ለማስታወቂያ ይሁን። ለግድግዳ የሚታተም የአገር ፎቶ ላይ ግን ይህ መደረግ የለበትም፤ ምክንያቱም ፎቶው ማስረጃ ይሆናል። ከላይ የጠቀስኳቸው እ.ኤ.አ. የ1868 ፎቶዎች ምን እንዳስገኙ እንይ። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ተመራማሪዎች ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ የጥንቶቹ አንሺዎች በቆሙበት ቦታ ቆመው ደግመው አነሱ። አገሩ ያኔ በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለውን የተለመደ ወሬ ፎቶው አላጸናውም፤ በብዙ ቦታ ተመራማሪዎቹ ያገኙት ዛፍ በ1868 ከነበረው ይበልጥ ነበር። ያ አንሺ ሰማዩን ያሳመረ፣ ዛፍ የጨመረ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀ ነበር።

አርሲም እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ ሲገባ የማሳው መልክ ተለወጠ፤ ትራክተር መጣ፤ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቀለ። የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል የሚያወጣቸው የስንዴ ዝርያዎች ዛሬም ማሳውን እየቀየሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ ጭላሎ ጋላማን፣ ካካን፣ ሁንቆሎንና ዴራ ድልፈቃርን ይይዛል። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ኢተያ አካባቢ ደግሞ 29 ተርባይን ያለው፣ 100 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ገብቷል። አድማሱ ላይ አዲስ ቁመት ተተክሏል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረው አድማስ ከአንድ ቦታ በስፋት ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጎን ለጎን እንሰቅለው ነበር።

ስለዚህ ሥራው ከውበት አልፎ መዝገብ እንዲሆን ትንሽ ጥንቃቄ ይበቃል። ቋሚ ቦታዎች ይመረጡ፤ አንዱ ከአሰላ ወደ ጭላሎ፣ አንዱ ከሳጉሬ በላይ ወደ ጋላማ፣ አንዱ ከአሰላ ምዕራብ ጠርዝ ወደ ዝዋይ። የቆሙበት ነጥብ በጂፒኤስና በድንጋይ ምልክት ይያዝ፤ ሌንሱ፣ የትራይፖዱ ቁመት፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። በየአምስት ዓመቱ በአንድ ወር ይደገም። ሳይገጣጠሙ ያሉት ፎቶዎች ከተገጣጠመው ጋር አብረው ይቀመጡ፤ ነገ የተሻለ ፕሮግራም ይመጣልና። አንድ ቅጂ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢቀመጥ መጥፋቱ ይከብዳል። ወጪው ለአንድ ስብሰባ ከሚታተመው ባነር ብዙ አይርቅም።

የመጨረሻው ጉዳይ የታችኛው ጠርዝ ነው። የድሮ ፓኖራማ አሳታሚዎች ከምስሉ ሥር ነጭ ጠርዝ ትተው የሚታየውን ሁሉ ስም ይጽፉበት ነበር። በአርሲም ይህ ጠርዝ ይተው፤ ስሞቹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፉ። የተራሮቹ ስም ካርታ ላይ አለ። የጉብታው፣ የምንጩ፣ የጅረቱ፣ የግጦሹ ስም ግን ያለው በሽማግሌዎቹ ዘንድ ነው። ናሙናው ከታተመ በኋላ፣ ሙሉው ከመታተሙ በፊት፣ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እነሱን እየጠየቁ በእርሳስ መሙላት ያስፈልጋል፤ የሚስማሙበትም የማይስማሙበትም ስም ሁለቱም ይጻፉ።